ቲቸር፣ የኛ አልበራም!

ጥያቄ፦ የ6ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ 46 ተማሪዎች አሉ፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፣ ቤተ ሙከራ የለንም። ርዕሰ መምህሩ «ተማሪዎች በእጃቸው የሚሠሩት ፕሮጀክት ይኑር» ስላሉ፣ ከቪዲዮ አይቼ መብራት ያለው የካርቶን ቤት ላሠራቸው ሞከርኩ። በ12 ቡድን ከፈልኳቸው። የ5ቱ በራ፣ የ7ቱ አልበራም። ክፍለ ጊዜውን ሙሉ «ቲቸር፣ የኛ አልበራም» እየተባልኩ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ስሮጥ አለቀ። የበራላቸውም ቢሆኑ ለምን እንደበራ የገባቸው አልመሰለኝም። ችግሩ እኔ ነኝ? ከምንስ ብጀምር ይሻላል? ውጤት አሰጣጡስ እንዴት ይሁን?

መልስ፦ በመጀመሪያ ሙከራ ከ12 ቡድን የ5ቱ መብራቱ መጥፎ አይደለም። እኔ ተመሳሳይ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳሠራ የበራው አንድ ብቻ ነበር። እሱም ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ የሠራሁት ናሙና ነው።

ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ የልጆቹም አይደለም። የፕሮጀክቱ ነው። የካርቶን ቤት ቪዲዮ ላይ ያምራል። ሽቦው ከግድግዳው ጀርባ ተደብቋል፣ መገጣጠሚያው በፕላስተር ተሸፍኗል፣ መጨረሻ ላይ መስኮቱ ቦግ ይላል። ቦግ ካላለስ? ልጁ የሚያየው ካርቶን ነው። ብልሽቱ ያለው ዓይኑ በማይደርስበት ቦታ ነው። ስለዚህ እጁን አውጥቶ «ቲቸር» ከማለት ሌላ ምርጫ የለውም። እርስዎ ደግሞ አንድ ሰው ነዎት፤ ሰባት ቦታ አይደርሱም።

እኔ ለክፍል የሚሆን ሥራ ስመርጥ ከሁሉም በፊት የምጠይቀው ይህን ነው፦ ሥራው እምቢ ሲል፣ ለምን እምቢ እንዳለ ልጁ ራሱ ሊያገኘው ይችላል ወይ? ማማሩም፣ ዘመናዊነቱም፣ ርካሽነቱም ከዚህ በኋላ ይመጣል። ደብተር ላይ የተጻፈ የተሳሳተ መልስ እስኪታረም ድረስ ትክክል መስሎ ይቀመጣል። መብራት ግን እዚያው ይናገራል፤ ወይ ይበራል ወይ አይበራም። በእጅ መሥራት ከሌላው ትምህርት የሚለየው በዚህ ነው። ልጁ ያንን «አይበራም» ይዞ አንድ እርምጃ የሚሄድበት መንገድ ከሌለው ግን ትርፉ ብስጭት ነው።

ስለዚህ ቤቱን ለጊዜው ይተዉትና ወደ አንድ ወረቀት ይውረዱ።

የሚያስፈልገው ጠንከር ያለ ወረቀት፣ ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ፣ ቀይ ኤልኢዲ፣ የወጥ ቤት አሉሚኒየም ፎይልና ፕላስተር ነው። በቃ። ኤልኢዲ የምልዎ ያቺን ሁለት ቀጫጭን እግር ያላትን ትንሽ መብራት ነው።

ቀለሟ ላይ ትንሽ ልቁም። ቀይ ትሁን ያልኩት ለውበት አይደለም። ያ ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ፣ ሲአር2032 የሚባለው፣ 3 ቮልት ይሰጣል። (ቁጥሩ ልኩን ነው የሚናገረው፦ ዲያሜትሩ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር።) ቀይ ኤልኢዲ ለመብራት 2 ቮልት ገደማ ይበቃታል። ነጭና ሰማያዊ ግን 3 ቮልት አካባቢ ይፈልጋሉ። ነጯ ባትሪው ያለውን ሁሉ ነው የምትጠይቀው ማለት ነው። ባትሪው ትንሽ ከደከመ ወይም አንድ መገጣጠሚያ ከላላ አለቀላት። ቀይዋ ግን 1 ቮልት ያህል ትርፍ ስላላት የልጅ እጅ የሠራውን ላላ ያለ መገጣጠሚያ ትችለዋለች። የእርስዎ የካርቶን ቤት መብራት ነጭ ከነበረ፣ እንደዚያ ይመስለኛል፣ ከሰባቱ አንዳንዶቹን የጣላቸው ይኸው ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ወረቀትም ፎይልም አያድሉ። ባትሪና ኤልኢዲ ብቻ ይስጧቸውና «አብሩት» ይበሉ። ሌላ ምንም አይንገሯቸው። ባትሪውን በሁለቱ እግሮች መሃል ቆንጥጠው ይይዙታል። የአንዳንዱ ይበራል፣ የአንዳንዱ አይበራም። ያልበራለት ጎረቤቱን ያያል፣ ይገለብጠዋል፣ ይበራለታል። ክፍሉ ይንጫጫል። ይንጫጫ። ከዚያ «ሲገለበጥ ለምን በራ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ረጅሙ እግር ወደ ፖዘቲቩ መዞር እንዳለበት የሚነግሩዎ እነሱ ናቸው። እኔ ይህን ለዓመታት ሰሌዳ ላይ በቀስት እየሣልኩ አስረዳ ነበር። የገባቸው ሰሌዳውን የተውኩት ዕለት ነው።

ቀጥሎ ወረቀቱ። ልጆቹ መጀመሪያ መንገዱን በእርሳስ ይሣሉ፦ ከባትሪው ተነሥቶ፣ በኤልኢዲው አልፎ፣ ተመልሶ ባትሪው ላይ የሚያርፍ መንገድ። ከዚያ ፎይሉን 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ጥብጣብ ቆርጠው በሣሉት መስመር ላይ ይለጥፉታል። እዚህ ጋ ሦስት ወጥመድ አለ። እኔ ሦስቱም ውስጥ ገብቻለሁ።

አንዱ ማዕዘን ነው። መንገዱ ሲታጠፍ ልጆች ፎይሉን ይቆርጡና ሌላ ቁራጭ በላዩ ይደርባሉ። በሁለቱ መሃል ፕላስተር ወይም ኮላ ከገባ ኤሌክትሪኩ እዚያው ይቆማል። ላይ ላዩን ሲታይ ግን የተያያዘ ነው የሚመስለው። መድኃኒቱ አለመቁረጥ ነው፤ ጥብጣቡን እንዳለ ማጠፍ። የመዳብ ቴፕ አግኝተው ከሆነም ይጠንቀቁ፤ ከጀርባው ያለው ሙጫ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ዓይነት አለ። እሱም ቢሆን ማዕዘን ላይ ሳይቆረጥ መታጠፍ ነው ያለበት።

ሌላው የኤልኢዲው እግር ነው። እግሩን ፎይሉ ላይ ያጋድሙትና ፕላስተር ይለጥፉበታል። ፕላስተሩ ትንሽ ከፍ ካለ እግሩ ፎይሉን ሳይነካ ይንጠለጠላል። የፎይሉን ጫፍ እግሩ ላይ ጠቅልሎ፣ በላዩ ፕላስተር አድርጎ፣ በጥፍር ጥብቅ አድርጎ መጫን ይሻላል።

ሦስተኛው ተንኮለኛ ነው። እኔን አንድ ሙሉ ቅዳሜ በልቶብኛል። ባትሪው ሁለት ፊት አለው፤ የመደመር ምልክት ያለበት ሰፊው ፊት ፖዘቲቭ፣ ጠበብ ያለው ነጌቲቭ። ሰው የሚረሳው ጠርዙን ነው። በዙሪያው ያለው ጠርዝ ራሱ ፖዘቲቭ ነው። ስለዚህ ከነጌቲቩ ሥር የወጣው ፎይል ቀና ብሎ ጠርዙን ከነካ፣ ኤሌክትሪኩ ኤልኢዲውን ትቶ በአቋራጭ ይመለሳል። ሾርት ሆነ ማለት ይህ ነው። ሁሉም ነገር በቦታው ያለ ይመስላል፣ መብራት ግን የለም፣ ባትሪውም ድምፅ ሳያሰማ ያልቃል። ፎይሉ በሚያልፍበት በኩል የባትሪውን ጠርዝ በትንሽ ፕላስተር መሸፈን በቂ ነው። ታዲያ ይህንን ለልጆቹ ቀድመው አይንገሯቸው። አንድ ቡድን ያገኘዋል። ያገኘው ቡድን ዜናውን በሁለት ደቂቃ ለክፍሉ ሁሉ ያዳርሰዋል፤ ከእርስዎ አፍ ቢወጣ ግን ማንም አይሰማውም ነበር።

አሁን ከካርቶኑ ቤት ጋር ያወዳድሩት። ሦስቱም ብልሽቶች ወረቀቱ ላይ ተዘርግተው፣ በዓይን እየታዩ፣ በጣት እየተነኩ ነው ያሉት። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ አንድ ሕግ ይጻፉ፦ «ቲቸር» ከማለት በፊት ኤልኢዲውን ገልብጦ መሞከር፣ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በጣት መጫን፣ በቴስተር መፈተሽ። ሦስቱን ያላደረገ አይጠራዎትም። ቢጠራዎትም አይሂዱ። ለመምህር ይህ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። እጅ ሲወጣ እግራችን ራሱ ይሄዳል።

ቴስተር ያልኩት ሌላ የተለየ ዕቃ አይደለም። ረጅሙ እግሯ ላይ በማርከር ምልክት የተደረገባት፣ እንደምትሠራ የተረጋገጠች አንዲት ቀይ ኤልኢዲ ናት። ልጁ የቴስተሩን ሁለት እግሮች በሁለቱ የፎይል መንገዶች ላይ ያሳርፋል፤ ምልክት ያለበትን ረጅሙን እግር በፖዘቲቩ መንገድ፣ ሌላውን በሌላው። ከባትሪው አጠገብ ይጀምርና ቀስ እያለ ይርቃል። እየበራች ሄዳ አንድ ቦታ ላይ ከጠፋች፣ ብልሽቱ በመጨረሻ በበራችበትና በጠፋችበት መሃል ነው። ከባትሪው አጠገብ ጭራሽ ካልበራች ደግሞ ወይ ባትሪው አልቋል፣ ወይ ፎይሉ ባትሪውን አልነካም፣ ወይ ሾርት አለ። የ12 ዓመት ልጅ ይህንን አንዴ ከለመደ ኤሌክትሪሺያን ነው የሚሆንብዎት።

አንድ የማልረሳት ልጅ አለች። የወረቀቷ መብራት ይበራል፣ ይጠፋል፣ ይበራል። መገጣጠሚያው ላልቶ ነው። አብራት የተቀመጠችው ጓደኛዋ «አጥብቂው» ትላታለች፤ እሷ ወረቀቱን በጣቷ እየተጫነች እየለቀቀች ዝም ብላ ታያለች። ከዚያ መቀስ አነሣችና መስመሩን ጭራሽ ቆረጠችው። ከላዩ ፎይል የለበሰ የወረቀት ክንብንብ አጥፋ አደረገችበት። ስትጫነው ይበራል፣ ስትለቀው ይጠፋል። ማብሪያ ማጥፊያ መሥራቷ ነው። የዚያን ዕለት ዕቅዴ ውስጥ ማብሪያ ማጥፊያ የሚባል ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ግን ሁሌም አለ፤ ያውም እኔ ሳልነግራቸው እስኪደርሱበት እየጠበቅኩ።

ቀድመው የሚጨርሱ ቡድኖች መኖራቸው አይቀርም። ለእነሱ ሦስት እንቆቅልሽ ይዘው ይግቡ። ሁለት ቀይ ኤልኢዲ ጎን ለጎን፣ ሁለቱም በየራሳቸው ከሁለቱ መንገዶች ጋር ተያይዘው፣ ይበራሉ? አዎ። አንዱ ከሌላው ጀርባ በተከታታይ ቢሆኑስ? አይበሩም፤ ለሁለቱ 4 ቮልት ገደማ ያስፈልጋል፣ ባትሪው ያለው 3 ነው። ሦስተኛው እኔ በጣም የምወደው ነው፦ ቀይና ነጭ ጎን ለጎን ያድርጓቸው። ቀይዋ ትበራለች፣ ነጯ ትሞታለች። ቀይዋን ሲነቅሏት ነጯ ትነሣለች። ልጆች «ቀይዋ ሰረቀቻት» ይላሉ። ብዙም አልተሳሳቱም። ቀይዋ በ2 ቮልት አካባቢ እንደልብ ስለምታሳልፍ፣ ያ ደካማ ባትሪ ወደዚያው ይወርዳል፤ ለነጯ የሚበቃ አይተርፍም።

አሁን ደስ ወደማይለው ክፍል ልምጣ። ይህ ክብ ባትሪ ከተዋጠ አደገኛ ነው። ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል፤ ያለምንም መዘግየት ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነገር ነው። የ6ኛ ክፍል ተማሪ ላይውጠው ይችላል፤ ኪሱ ውስጥ ይዞት የሚሄደው ግን ትንሽ እኅት ወይም ወንድም ወዳለበት ቤት ነው። ስለዚህ ባትሪ ተቆጥሮ ይሰጣል፣ ተቆጥሮ ይመለሳል፣ አንድ ከጎደለ ማንም ከክፍል አይወጣም። ሥራው ወደ ቤት ሲሄድ ያለ ባትሪ ይሄዳል። በዚህ ላይ አልደራደርም። ያለቀውንም ሁለቱን ፊት በፕላስተር ሸፍነው ለብቻ ያስቀምጡት። መቁጠሩ አይሆንልኝም ካሉ፣ ሁለት የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ድንጋይ በተከታታይ አድርገው ይጠቀሙ። ያኔ ግን ለእያንዳንዱ ኤልኢዲ 100 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚቀንስ ትንሽ ዕቃ) ያስገቡ። ትንሹ ክብ ባትሪ አቅሙ ደካማ ስለሆነ ኤልኢዲውን ራሱ ይምራል፤ ትልልቆቹ አይምሩም። በእነሱ ሾርት ከተደረገ ደግሞ ሽቦው እጅ እስኪያቃጥል ሊግል ይችላል።

ስለ ክፍሉ ብዛት። 46 ተማሪ በ12 ቡድን ሲሆን በየቡድኑ አራት አራት ናቸው፤ እንዲያውም በሁለት ቡድን ሦስት ሦስት ሆነው መሆን አለበት። ለአንድ ወረቀት አራት ልጅ ብዙ ነው። አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ያዛል፣ አራተኛው መረበሽ ይጀምራል። ምን ያድርግ? እጁ ባዶ ነው። ሦስት ሦስት ያድርጓቸው፤ 15 ቡድን ይሆናሉ፣ አንዱ ብቻ አራት ይኖረዋል። ብዙ ቡድን ብዙ ድካም ይመስላል እንጂ አይደለም። የሚያደክመው እጁ ሥራ የፈታ ልጅ ነው።

ለ15 ቡድን 20 ባትሪ፣ 60 ቀይ ኤልኢዲ፣ ለእንቆቅልሹ 15 ነጭ፣ አንድ ጥቅል ፎይልና አምስት ስድስት ፕላስተር ይበቃል። ኤልኢዲው የበዛው እግሩ ስለሚሰበር ነው። የእያንዳንዱን ቡድን ዕቃ ቀድመው ፖስታ ውስጥ ይክተቱ፣ በላዩም ቁጥር ይጻፉበት። ያለፖስታ እንዴት እንደሚሆን አንዴ አይቻለሁ፤ ዕቃ በማደል ብቻ 15 ደቂቃ ሄደ።

ሥራውን በአንድ ክፍለ ጊዜ ለመጨረስ አይሞክሩ። የመጀመሪያው ቀን ባትሪና ኤልኢዲውን መሞከር፣ ከዚያም መሣል ነው። ሁለተኛው ቀን መለጠፍና መፈተሽ። እንቆቅልሹ ሦስተኛ ቀን ቢሆን ይመረጣል። በየቀኑ የመጨረሻዎቹ 8 ደቂቃዎች የመሰብሰቢያ ናቸው፤ ማንም አይነካቸው። አዲስ የሚጀምር መምህር ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሥራው ሞቅ ሲል «ትንሽ ይጨምሩ» ይላል፤ ደወል ይደወላል፤ የሚቀጥለው መምህር በሩ ላይ ቆመው ወለሉን የሸፈነውን የፎይል ቁርጥራጭ ያያሉ። ከዚያ በኋላ በመምህራን ክፍል ፕሮጀክትዎን የሚደግፍልዎ ሰው አያገኙም።

ካርቶን የሚቆረጥበት ሥራ ሲመጣ ካተር በእርስዎ እጅ ብቻ ይሁን፤ ማታ ቆርጠው ይምጡ። ትኩስ ሙጫም እንዲሁ። ባለከፍተኛ ሙቀቱ 190 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፣ ዝቅተኛ የሚባለው እንኳ 120 ገደማ ነው፤ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራልና ሁለቱም ያቃጥላሉ። ከእርስዎ ጠረጴዛ አጠገብ አንድ ቦታ ያድርጉት፤ የሚፈልግ ይምጣ። ሲጀመር ግን ፕላስተር ከሁሉም ይሻላል። ተላቆ እንደገና ይለጠፋል። ሙጫ ስሕተትን ለዘላለም ያጣብቃል።

ከወረቀቱ ቀጥሎ ምን? እኔ የምሄደው ወደ ሥዓሊው ማሽን ነው። ከተበላሸ አሻንጉሊት የወጣ ትንሽ ሞተር፣ አንድ የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ድንጋይ፣ የተደፋ የፕላስቲክ ኩባያ፣ ሦስት ማርከር እንደ እግር። የሞተሩ ዘንግ ላይ ቁራጭ ላጲስ ይሰካል፤ ግን መሃሉን ሳይሆን ዳሩን ነው የሚወጋው። ሞተሩ ሲዞር ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ስላደላ ኩባያው ይንቀጠቀጣል፣ ይንፏቀቃል፣ ወረቀቱ ላይ ክብ ክብ ይሠራል። ብዙ ስልኮች ኪስ ውስጥ የሚንቀጠቀጡት በዚሁ ብልሃት ነው። ይህን ለልጆቹ ሲነግሯቸው ስልክን የሚያዩበት ዓይን ይለወጣል።

እዚህም ብልሽቱ ፊት ለፊት ነው። ካልተንቀጠቀጠ ላጲሱ መሃሉን ተወግቷል። ከተንኳኳ ላጲሱ ኩባያውን እየነካ ነው። ከወደቀ አንዱ እግር አጥሯል። ሁሉም ከሠራ በኋላ ነው ቁም ነገሩ የሚጀምረው። «ትልልቅ ክብ እንዲሥል አድርጉት» ይበሉና አንድ ሕግ ይስጡ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለወጠው። ልጆች ይህን ሕግ ይጠሉታል። ላጲሱንም፣ እግሩንም፣ ባትሪውንም ባንዴ ይለውጡና «ተሻሻለ!» ይላሉ። «የቱ ነው ያሻሻለው?» ይበሏቸው። ዝም ይላሉ። የሳይንስ መጽሐፋቸው ስለ ሙከራ የሚያስተምረው ነገር ያቺ ዝምታ ውስጥ አለ።

ኤሌክትሪክ ጭራሽ ካልፈለጉ ደግሞ ሁለት ሲሪንጅ ይውሰዱ፤ አዲስ፣ መርፌ የሌላቸው። አንዱ 5፣ አንዱ 20 ሚሊ ሊትር የሚይዝ። በቀጭን ቱቦ ያያይዟቸውና ውኃ ይሙሏቸው። በክፍሉ ጉልበተኛ የተባለውን ልጅ ትልቁን ያስይዙት፣ ትንሿን ልጅ ደግሞ ትንሹን። ሁለቱም ይግፉ። ትንሿ ታሸንፋለች። (ቱቦው ሊወልቅ ስለሚችል ወደ ሰው ፊት አይዙር።) ከሳቁ በኋላ የሂሳቡ ጥያቄ ይመጣል፦ 5ቱን እስከ ታች ብትገፉት ባዶው ባለ 20 እስከ ስንት ድረስ ይነሣል? እስከ 5 ብቻ። ጉልበት ያተረፈ መንገድ ይከፍላል። በዚህ በካርቶን ክንድ ያለው ማንሻ መሥራት ይቻላል። ውኃው ውስጥ አየር ከቀረ ክንዱ እንደ ስፕሪንግ ይለምጣል፤ አረፋውን ግን በቱቦው ውስጥ ስለሚያዩት ራሳቸው ያስወጡታል።

አንዳንድ በሰፊው የሚሠሩ ነገሮችን እኔ አላስቀድማቸውም። የሎሚ ባትሪ አንዱ ነው። መዳብና ዚንክ የተሰካበት አንድ ሎሚ የሚሰጠው 0.9 ቮልት አካባቢ ስለሆነ ቀይ ኤልኢዲ እንኳ ለማብራት ሦስትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ያም ሆኖ ብርሃኑ በጨለማ ካልሆነ አይታይም። ለማሳያ ጥሩ ነው፣ ለ15 ቡድን ግን ሐዘን ነው። አረፋ የሚተፋው እሳተ ገሞራም እንዲሁ፤ ትርዒት እንጂ ሥራ አይደለም፣ ልጁ የሚያሻሽለው ነገር የለውም።

ስለ ሮቦትና ስለ ኮምፒውተር ሰሌዳዎችም ሰው ሁሌ ይጠይቀኛል። አርዱዪኖ የተባለችው በኮድ የምትታዘዝ ትንሽ ሰሌዳ እ.ኤ.አ. በ2005 ጣሊያን ውስጥ ኢቭሬያ በተባለች ከተማ ለተማሪዎች ታስቦ ተጀመረ። ማይክሮቢት የተባለችውን ተመሳሳይ ሰሌዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በብሪታንያ ወደ 1 ሚሊዮን ለሚሆኑ የ11 እና የ12 ዓመት ልጆች በነፃ አደሏት። ግሩም መሣሪያዎች ናቸው። ግን ወረቀት ላይ ያለ ሾርትን ፈልጎ ማግኘት ያልቻለ ልጅ ሽቦውና ኮዱ አንድ ላይ ሲበላሹበት የትኛውን እንደሚጠረጥር አያውቅም። እንዲያውም ሐሳቡ ከመሣሪያዎቹ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1967 ሎጎ የተባለውን የልጆች የኮምፒውተር ቋንቋ ከፈጠሩት አንዱ የሆነው ሲሞር ፓፐርት፣ ልጅ የበለጠ የሚማረው ለሌላ ሰው የሚያሳየው ነገር ሲሠራ ነው ይል ነበር። የሚያሳየው ነገር ፎይልና ወረቀትም ሊሆን ይችላል።

ውጤትን በተመለከተ፣ ለውበት ማርክ አይስጡ። «በራ ወይስ አልበራም» ለሚለውም አይስጡ፤ ከሰጡ ልጆቹ ከጎረቤት መገልበጥ ይጀምራሉ። እኔ ከ10 እንዲህ እከፍለዋለሁ፦ 2 ለመጀመሪያው ሥዕል፣ 3 የገጠማቸውን ብልሽት በግልጽ ለመጻፋቸው፣ 3 ምን እንደለወጡና ከዚያ ምን እንደሆነ ለመጻፋቸው፣ የቀረው 2 ለቃል ጥያቄ። «ምንም ብልሽት አልገጠመንም» ብሎ የሚመጣ ቡድን አለ። ለእሱ እንቆቅልሾቹን ይስጡት፤ ይገጥመዋል።

የቃል ጥያቄው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከቡድኑ ዝም ያለውን ልጅ ይምረጡና ወረቀቱ ላይ በጣትዎ አንድ ቦታ እየጠቆሙ «እዚህ ጋ ብቆርጠው ምን ይሆናል?» ይበሉት። ከመለሰ ይቁረጡትና አብራችሁ እዩ። በቡድን ሥራ ላይ ማን እንደተደበቀ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። ሌሎቹም ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ካወቁ ዝምተኛውን ራሳቸው ያስረዱታል።

የቤት ሥራ አድርገው ግን አይስጡት። አንድ ጊዜ ሰጥቼ ነበር። በማግስቱ በሳልዳቶሬ የተበየደ፣ ቀለም የተቀባ፣ ማጠፊያ ያለው ድልድይ መጣልኝ። አባትየው ጎበዝ ነበሩ። ልጁ ግን ድልድዩ በየት በኩል እንደሚከፈት እንኳ አያውቅም። 10 መስጠት ነበረብኝ፤ ለማን እንደምሰጥ ነው የጨነቀኝ።

ርዕሰ መምህሩ ኤግዚቢሽን መፈለጋቸው አይቀርም። ያድርጉት። ከእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ ግን ቡድኑ የገጠመውን ብልሽት የጻፈባት ገጽ ትለጠፍ። ወላጅ ሲመጣ «ምን ሠራህ?» ማለት ለምዷል። ገጹን ሲያይ «ይህ ለምን ነበር ያልሠራው?» ይላል፤ ልጁም ለዚያኛው ነው ረጅም መልስ ያለው።

አንድ ነገር ቀረኝ። እነዚያን ሰባት ቤቶች አልጣሏቸውም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የወረቀቱን ሥራ ከጨረሱ በኋላ የቤቶቹን የጀርባ ግድግዳ በካተር ይክፈቱላቸውና ከቴስተር ጋር ለየባለቤቶቻቸው ይመልሱላቸው። 20 ደቂቃ ይስጧቸው። እኔ ብወራረድ ከሰባቱ ቢያንስ በሁለቱ ላይ የባትሪው ጠርዝ ነው የምል። እርስዎ ግን ዝም ይበሉ።